የጋሽ ሽመክት የመጨረሻ ፖስት

ጋሽ ሽመክትን ከቡና ማጠቢያው ገንዳ ሲያወጧቸው ሀሴት ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ቆማ ነበር። ሌላው ሬሳውን ያያል፤ እሷ በሹራቧ ኪስ ውስጥ ስልኳን ጨብጣ መሬት መሬቱን ታያለች። እንደ ወትሮው ቢሆን ለወሬ የሚቀድማት አልነበረም፤ ዕድሜዋ አሥራ ሰባት፣ አፏ ግን የአርባ ዓመት ነው እያሉ ያሟታል። ያን ቀን አፏ ተለጉሞ ቀረ።

ወሩ ኅዳር ነው፤ ቦታው በጌዴኦ፣ ከሬኮ ትንሽ ራቅ ያለ አንድ የቡና ማጠቢያ። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሠራተኞቹ እንደ ሁልጊዜው በማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ የተሰጣውን ቡና ሸራ አልብሰው ለምሳ ወጥተዋል። ሰባት ሰዓት ከአሥር ሲል የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ ጮኸ። የአልጋዎቹ ኃላፊ ጋሽ ሽመክት በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጽፈዋል።

«ስሜ ጠፍቷል። ከእንግዲህ ሰው ፊት መቆም አልችልም። ይቅር በሉኝ።»

ከሥሩ እንደ ልማዳቸው ፎቶ ነበረው፤ ቡናቸውን ለፀሐይ ገልጠው የተደረደሩ አልጋዎች። ሰው ተሯሩጦ ሲደርስ ጫማቸው በገንዳው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ስልካቸው አንደኛው ጫማ ውስጥ ነው።

«አፍረው ነው» አለች አንዷ ለቃሚ አፏን በነጠላዋ ይዛ። «ያ ስም የለሽ ነው የገደላቸው። እጁ ይቆረጥ።»

ስም የለሹ ሀሴት ነበረች።

ግሩፑ «የኛ ሶንጎ» ይባላል። እውነተኛው ሶንጎ በጌዴኦ ምድር ሰው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ጉዳዩን በአደባባይ የሚናገርበት፣ ሽማግሌ የሚዳኝበት ቦታ ነው። የስልኩ ሶንጎ ከዲላ እስከ ገደብ ሦስት ሺህ ሰው ይሰበሰብበታል፤ ዛፍም ሽማግሌም የለውም። የሠርግ አጃቢ መንገድ ስለመዝጋቱ፣ ስለ ባጃጅ ሙዚቃ፣ ሚስት ሸክም ተሸክማ ባል እጁን እያወዛወዘ ፊት ፊት ስለመሄዱ፣ ስለ አማትና ምራት፣ ሁሉም የመሰለውን ይጽፋል። ስሙን መደበቅ የፈለገ ለአድሚኑ ለእስክንድር በውስጥ ይልካል፤ እሱ የላኪውን ስም ትቶ «ስም የለሽ» ብሎ ይለጥፍለታል።

ጋሽ ሽመክት በስማቸው ነበር የሚጽፉት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ፣ ከአንድ የአልጋ ፎቶ ጋር፣ አራት አምስት መስመር፤ ስለ ትዳር፣ ስለ መከባበር፣ ሸክም ስለ መጋራት። ሰው ይወድላቸው ነበር። ሀሴትም ትወድላቸው ነበር፣ አንድ ጠዋት «ቡና ላይ ቆመሽ ስልክ አትጎርጉሪ» ብለው በሰው ፊት እስከተቆጧት ድረስ። የዚያኑ ቀን ማታ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይፈጅባት፣ ይህን ጽፋ ላከች፦

«ስለ ትዳር የሚያስተምሩን ጋሼ፣ ባል በሌለበት ደጅ በየምሽቱ ምን ይሠራሉ? እሳቸውስ ምን ያድርጉ፣ ዱላቸው መንገዱን ስለለመደው እየጎተተ ነው አሉ የሚወስዳቸው።»

ስም አልጠራችም። ምን ያደርጋል፤ ጫፉ ነሐስ የሆነ ዱላ በአካባቢው ያላቸው ሽማግሌ አንድ ናቸው፤ ደጁም የመምህርት ተናኘወርቅ ደጅ እንደሆነ የማያውቅ የለም። ባሏ ታረቀኝ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው። ከአራት መቶ በላይ ሰው የሳቅ ምልክት አኖረበት። ሀሴት ያን ቀን እራት ሳትበላ ጠግባ ተኛች።

ይህ በሆነ በአራተኛው ቀን ነው ጋሽ ሽመክት ከገንዳ የወጡት።

ከዲላ የመጣችው መርማሪ ኢንስፔክተር ሙሉወርቅ አጭር ሴት ናት፤ ቅርንፉድ ታኝካለች፤ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ስለሚል ሰው ሳይወድ አንገቱን ያሰግጋል። የወረዳው ፖሊሶች «ሽማግሌው ራሳቸውን አጥፍተዋል» ብለው ነገሯት። እሷ ሬሳው ዘንድ ተንበርክካ ከግራ ጆሮ ኋላ ያለውን ቁስል አየች። ቀጥሎ ጫማዎቹን አየች። ከዚያ ስልኩን አነሳች።

«ቁልፍ የለውም» አለች ለራሷ።

የስልክ ቁጥሮቹን ስትከፍት ቅርንፉዷን ማኘክ አቆመች። አንድም ስም የለም። በየቁጥሩ አንጻር ትንንሽ ሥዕል ብቻ አለ፤ ላም፣ የጭነት መኪና፣ ደብተር፣ ቀይ አበባ፣ የሚስቅ ፊት። ኢንስፔክተሯ የሚስቀው ፊት ላይ ጣቷን አሳረፈች።

የሀሴት ኪስ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ደስ ባላት ነበር። ስልኩን ለማጥፋት ስትጣደፍ ወደቀባትና ጭቃው ላይ መጮኹን ቀጠለ። ኢንስፔክተሯ ራሷ ጎንበስ ብላ አነሳችላት፤ ከፊት ከኋላ አገላብጣ አይታ በእጇ አስያዘቻት።

«ካሜራው ተሰንጥቋል። አታስጠግኚውም?»

«እስክንድር ነው የሚጠግን እዚህ። ወረፋው ብዙ ነው።»

እስክንድር ከመፈልፈያ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። የማሽኑ ሞተረኛ እሱ ነው፤ ትርፍ ሰዓቱን ስልክ ይጠግናል፣ ግሩፑንም ያስተዳድራል። ሁሉም ሰው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሲሆን የእሱ ሸሚዝ ነጭ ነበር፤ ነጭ ብቻም አይደል፣ እጅጌው ላይ የካውያው መስመር ይታያል። ኢንስፔክተሯ ስለ ግሩፑ ስትጠይቀው በትሕትና አስረዳት። ስም የለሹ ማን እንደሆነ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ ኢንስፔክተር። የሚልኩልኝን ወዲያው አጠፋዋለሁ። ሰው አምኖኝ ነው የሚናገረው።»

«መልካም ሰው ነህ» አለችው። «ባለትዳር ነህ?»

«ገና ነኝ።»

«ሸሚዝህን ግን የሚያይልህ ሰው አለ» ብላው አለፈች። ሀሴት ለቀልድ ወሰደችው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት ምርመራው የማጠቢያው ቢሮ በሆነችው ቆርቆሮ ቤት ተካሄደ። ሀሴት የምትለቅምበት አልጋ ከቆርቆሮው ጎን ስለነበር ያልሰማችው ጥቂት ነው። ታረቀኝ ከልጥፉ ማግስት በገበያ መሀል «እግርህን እሰብረዋለሁ» ብሎ በጋሽ ሽመክት ላይ መዛቱን ሦስት ሰው መሰከረ። ታረቀኝም አልካደም። ሐሙስ እኩለ ቀን የት ነበርክ ሲባል ፍስሐ ገነት ከተማ መኪናው ውስጥ ተኝቶ እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው የለም። ከዛቻው በኋላ ታርቀን ነበር አለ። እንዴት ታረቃችሁ ቢባል አንዲት ቃል አልወጣውም። የወረዳው ፖሊስ አስቀመጠው።

ሚስቱ ተናኘወርቅ ስትገባ ኢንስፔክተሯ በሩንም መስኮቱንም ዘጋች። ለረጅም ጊዜ የሚሰማ አልነበረም፤ በመጨረሻ ለቅሶ መጣ። መምህርቷ ስትወጣ በአልጋው በኩል አለፈች። ሀሴት አራተኛ ክፍል ያስተማረቻት እሷ ናት። ቀና ብላ ሰላም ልትላት ፈለገች፤ አንገቷ እምቢ አለ።

ወዲያው ኢንስፔክተሯ ወጥታ አልጋው አጠገብ ቆመች፤ አንድ ፍሬ ቡና አንስታ ታሻሸው ጀመር።

«ይኼን ሸራ መቼ መቼ ነው የምታለብሱት?»

«ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ። ፀሐዩ ሲበረታ ቡናው ይሰነጠቃላ። ጋሽ ሽመክት በዚህ ቀልድ አያውቁም። አንድ ቀን አምስት ደቂቃ ብናሳልፍ ምሳ ከልክለውናል።»

ኢንስፔክተሯ የመጨረሻውን ፖስት ፎቶ አሳየቻት። «እና እዚህ አልጋው ሁሉ ለምን ተገለጠ?»

ሀሴት አየችው። ፖስቱ ሲመጣ በእንባና በሩጫ መሀል ፎቶውን ልብ አላለችውም ነበር። አሁን አየችው፤ በላይኛው ቀኝ ጥግ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጠማማ መስመር አለች። ያቺ መስመር በእሷ ስልክ በተነሳ ፎቶ ሁሉ ላይ አለች። ፎቶው የእሷ ነው።

«እንጃ… ጠዋት የተነሳ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» አለች ኢንስፔክተሯ። ቡናውን ወደ ቦታው መልሳ፣ ከመሄዷ በፊት ዞር ብላ «የሚስቅ ፊት ያደረጉሽ ለምን ይመስልሻል?» አለቻት።

«ስለምስቅ ነዋ።»

«ጥሩ ያውቁሽ ነበር» ብላ ሄደች።

ሀሴት ሁለት ቀን እንዲያው ስትንቆራጠጥ ከረመች። ብትናገር ስም የለሿ እሷ መሆኗ ይታወቃል፤ የቲቸር ተናኘወርቅን ቤት ያመሰች፣ ጋሽ ሽመክትን አንገት ያስደፋች። ባትናገር ታረቀኝ እስር ቤት ነው። ስልኳን ገደል ልትጥለው አፋፉ ድረስ ሄዳ ተመለሰች። ሰው ስልኩን ገደል ቢጥል እንኳ አፉን የት ይጥለዋል?

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ሁሉንም በትልቁ ዛፍ ሥር፣ በእውነተኛው ሶንጎ ላይ አስቀመጠቻቸው። ሽማግሌዎቹ በድንጋዮቻቸው ላይ፣ ለቃሚዎቹ በሣሩ ላይ። ታረቀኝ በሁለት ፖሊሶች መሀል፣ ተናኘወርቅ ፊት ለፊቱ። በማጠቢያው በር ሱቅ ያላት ራዚያ ልጇን አዝላ መጥታለች። እስክንድር ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ለአረጋውያኑ ቦታ ለቆ ከዛፉ ግንድ ተጠግቷል። ከሁሉም የሚበልጡት ሽማግሌ «እዚህ የሚናገር ቆሞ፣ ፊቱን አሳይቶ ነው» ብለው ለኢንስፔክተሯ ፈቀዱላት።

«ጋሽ ሽመክት ራሳቸውን አላጠፉም» ብላ ጀመረች፣ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፅ። «ሐኪሙ አይቷቸዋል። ውኃ ውስጥ ሳይገቡ ነው ጭንቅላታቸው የተመታው። ታዲያ የስንብቱን ቃል ማን ጻፈው? ከስልካቸው ነው የወጣው፤ ስልኩም ቁልፍ የለውም፣ ማንም ይከፍተዋል። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። በስልካቸው ውስጥ አንድ ስም አልተጻፈም። ሥዕል ነው ያለው። ሾፌሩ መኪና ነው፣ መምህርቷ ደብተር።» ወደ ተናኘወርቅ ዞረች። «ከፈቀድሽ፣ አሁን ተናገሪው።»

ተናኘወርቅ ተነሳች። «ጋሼ ፊደል አያውቁም ነበር» አለች። «በየምሽቱ ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ሲያልቅ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ከሞትም በላይ የሚያፍሩበት እሱ ነበር።»

ሀሴት አሁን ገባት። ዱላው እየጎተተ የወሰዳቸው ፊደል ሊቆጥሩ ነበር።

«ታረቀኝ ከልጥፉ በኋላ ቤቱ ሲመጣ ሚስቱ እውነቱን ነገረችው፤ ሽማግሌውን ከነደብተራቸው አየ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ እሱም ማለ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እሱ ታስሮ እንኳ ምስጢሩን ማውጣት ለሁለቱም ከበዳቸው። ነጻ የሚያወጣቸው ግን ያው ምስጢር ነው። ጋሽ ሽመክት መጻፍ እንደማይችሉ የሚያውቅ ሰው፣ የጽሑፍ ስንብት ይፈበርክላቸዋል? የገደላቸው ሰው ይህን አያውቅም ነበር።»

ታረቀኝ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ወደ ፎቶው እንምጣ። ሰባት ሰዓት ላይ ተለጠፈ፤ አልጋዎቹ ተገልጠዋል፤ በዚያ ሰዓት እዚህ የተገለጠ አልጋ የለም። በስልካቸው ካሜራ የተነሳም አይደለም። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከሌላ ስልክ በብሉቱዝ የገባ ነው፤ ብሉቱዝ ደግሞ የሚሠራው አጠገብ ላለ ሰው ነው። ገዳዩ የጋሼ ፖስት ያለ ፎቶ ሆኖ እንደማያውቅ ያውቃል። የድሮዎቹን ሰው ሁሉ አይቷቸዋል። ወደ አልጋዎቹ ወጥቶ እንዳያነሳ ሰው ያየዋል። ስለዚህ በስልኩ ውስጥ የነበረውን፣ ማንም ያላየውን አንድ ፎቶ ተጠቀመ።» ቅርንፉዷን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛወረች። «ፎቶው ጥግ ላይ የስንጥቅ መስመር አለው። ያነሳው ሰው እዚህ ተቀምጧል። ለማን እንደላከውም ያውቃል። እኔ አልጠራውም። ቢነሳ እወዳለሁ።»

የራዚያ ልጅ አለቀሰና ዝም አለ። ኢንስፔክተሯ ሀሴትን አላየቻትም፤ ሆን ብላ ወደ ገደሉ ማዶ ታይ ነበር።

ሀሴት ከሣሩ ላይ ተነሳች።

«ፎቶው የኔ ነው» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት። «የሳቸውን ፖስት እንዲመስል፣ ስለ ዱላቸው ከጻፍኩት ጋር አብሬ ነው የላክሁት። ስም የለሽ የተባለው እኔ ነኝ። ሀሴት ነኝ።»

ከሴቶቹ መሀል አንዷ «አንቺ?» አለች። ተናኘወርቅ ቀና ብላ አየቻት፤ አልተቆጣችም። ያ ባሰ።

«ለማን ነው የላክሽው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ለእስክንድር። ለሱ ብቻ። ፎቶው ያስታውቅብሻል ብሎ ጽሑፉን ብቻ ለጠፈው።»

እስክንድር ፈገግ አለ። «ልጅ ናት፣ አባቶቼ። አጥፍታ ፈርታለች፤ ጥፋቷን ሰው ላይ ትለጥፋለች። ሥራዋ እኮ እሱ ነው።»

ለአንድ አፍታ ሰው ሊያምነው ቃጣው። ሀሴትም አልፈረደችባቸውም፤ እውነት ሥራዋ እሱ ነበራ። ኢንስፔክተሯ የሀሴትን ስልክ ተቀብላ ዛፉን ፎቶ አነሳችና ለሽማግሌዎቹ አሳየች፤ መስመሯ እዚያው ጥግ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ራዚያ ዞረች።

«የሱን ሸሚዝ ማን ነው የሚያጥበው?»

ራዚያ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈች። ሀሴትን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ልጅቷ ገና እንደቆመች ናት። ከዚያ እሷም ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሰባት ወር ሙሉ። ስለ አማቴ የሆዴን ጽፌ ስም የለሽ ብሎ ለጠፈልኝ። ቆይቶ ‹ለባልሽ እልክለታለሁ› አለኝ። አጠብኩ፣ ተኮስኩ። ረቡዕ ዕለት መሮኝ ለጋሽ ሽመክት ነገርኳቸው። ‹ነገ አናግረዋለሁ፤ እሑድ ሶንጎ ላይ ራሱ ቆሞ ይናገር፣ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ።»

«እኔን ደግሞ ውኃ አስቀዳኝ» አለች ከሣሩ ላይ አንዲት ለቃሚ እየተነሳች። ሦስተኛዋ ዶሮዎቿን ለሱ እንደገበረች ተናገረች። አንድ በአንድ ቆሙ። እስክንድር ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲል ጀርባው ከግንዱ ገጠመ።

«ገፋሁት እንጂ» አለ፣ አሁን ድምፁ ቀጭን ነው። «ልገድለው አልነበረም። የገንዳው ጠርዝ ጭንቅላቱን መታው። ሦስት ሺህ ሰው ያከብረኝ ነበር፤ በዚህ ዛፍ ሥር አቁሞ ሊያዋርደኝ ነበር።»

ፖሊሶቹ ታረቀኝን ለቀው እሱን ያዙ። ነጩ ሸሚዝ በቡና ዛፎቹ መሀል ቁልቁል እየወረደ ጠፋ።

ሀሴት ታረቀኝና ሚስቱ ፊት ሄዳ ተንበረከከች። ይቅርታ ልትል አስባ ነበር፤ ለሌላ ነገር ሁሉ ቃል የማያጥራት ልጅ አንዲት ቃል አጣች። ታረቀኝ ፊቱን አዞረ። ተናኘወርቅ ከቦርሳዋ አንድ የተጨማደደ ደብተር አወጣች።

«ረቡዕ ማታ ያስጻፉኝ ነው። መብራት ስላልነበረ ስልካቸው ሞቶ ነበር፤ ሐሙስ ማታ ልንለጥፈው ነበር። ተነሽና ጮክ ብለሽ አንብቢው።»

በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሀ ሁ ሂ በተንጋደደ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ተደርድሯል፤ ሂ የምትለዋ ሦስት ጊዜ ተሰርዛለች። በሚቀጥለው ገጽ የመምህርቷ ጽሕፈት ነበር። ሀሴት ቆማ አነበበች።

«ስለ ዱላዬ የጻፈውን ሰው ማንነት አላውቅም። ታረቀኝንና ባለቤቱን ይቅርታ ይጠይቅ፤ በነሱ ላይ የተናገረው ሐሰት ነው። በኔ ላይ ግን ስስቅ ነው ያመሸሁት። ዱላዬ ይጎትተኛል፣ እውነቱን ነው። እንዲህ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ስሙን ለምን እንደሚደብቅ አልገባኝም። እኔ ብሆን ስሜን በትልቁ ነበር የምጽፈው። ትንሽ ይታገሠኝ፤ አንድ ቀን በራሴ ጣት ጽፌ እመልስለታለሁ።»

አንብባ ስትጨርስ የሳቀ የለም። ደብተሩን ስትመልስ ጣቶቿ አልለቅ ብለው ተናኘወርቅ ቀስ አድርጋ አላቀቀቻቸው።

ሰው ሲበተን ሀሴት ከዛፉ ሥር ቀረች። ግሩፑን ከፈተች። ስለ ዱላው የጻፈችው ልጥፍ እዚያው ነው። ልታጠፋው ሞከረች፤ የለጠፈው አድሚኑ ስለሆነ ከእሱ በቀር የሚያጠፋው የለም፤ አድሚኑም በመኪና ወደ ዲላ እየሄደ ነው። የሳቅ ምልክቱ ከሐሙስ ወዲህ እንኳ በሰባት ጨምሯል።

ከሥሩ ጻፈች፦ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ጋሽ ሽመክት የሚሄዱት ፊደል ሊማሩ ነበር። ሀሴት ለሚ።»

ላከችው። ስልኩን ኪሷ ሳትከተው ጮኸ። አንድ ሰው የሳቅ ምልክት አኑሮበታል።